ከቃሬዛው በላይ የቆመው

ንብረት ባሌ ነው። እኔ ባንቺ እባላለሁ። አብረን ልጅ ወልደን፣ አሳድገን፣ ድረናልና ስለሱ ደጉንም ክፉውንም ብናገር የሚከለክለኝ የለም።

ሰው ባልሽ ምን ይሠራል ሲለኝ የቃሬዛ ዳኛ ነው እላለሁ። አያርስም ማለቴ አይደለም፤ ገብሱንም ይዘራል፣ በጎቹንም ይጠብቃል። ግን እኛ ያለንበት የጋዝጊብላ ደጋ መኪና አይደርስበትም። ሰው ሲታመም ወይም ሴት ምጥ ሲጠናባት እስከ አስከተማ ጤና ጣቢያ በትከሻ ነው የሚወሰደው። ትከሻ ደግሞ ዳኛ ካላገኘ እርስ በርሱ ይጋፋል። ሁለቱን የባሕር ዛፍ አጣና የመረጠው፣ ጠፍሩን የወጠረው፣ ማን ከማን ጋር ቁመቱ እንደሚገጥም የሚያውቀው እሱ ነው። ዳገት ላይ ረጃጅሞቹን ከኋላ ያደርጋል። "ተካ" ሲል ያረፉት ገብተው የደከሙት ይወጣሉ፤ በሽተኛው መለወጣቸውን እንኳ አያውቅም። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይላል በየስብሰባው። ሰው ሁሉ በቃሉ ስለሚያውቀው እሱ "ሃምሳ" ሲል ሌላው ይጨርስለታል፤ እሱም አይቀየምም።

ሰው ፊት አማርኛ ነው የሚናገረው። ሲፈራ ግን ሳያውቀው ወደ አፍ መፍቻችን፣ ወደ ኽምጠኛው ይመለሳል። ይህን ከኔ በቀር ልብ ያለው ያለ አይመስለኝም።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። በጦርነቱ ጊዜ ትኩሳት የጣለው ሰው ተሸክመው በሸንተረሩ መንገድ ሲያልፉ ከሰማይ አንድ ነገር መጣባቸው። ማን እንደላከው፣ ማንን ፈልጎ እንደመጣ እስከ ዛሬ የነገረን የለም። ቃሬዛ ከላይ ሲታይ ምን እንደሚመስል ያን ቀን ነው የገባን፤ ረጅም ነገር በትከሻቸው ተሸክመው ተከታትለው የሚሄዱ ወንዶች። የባሌ ታናሽ ወንድም፣ የሻምበል የሚባለው፣ ከፊት በቀኝ በኩል ነበር። እሱም በሽተኛውም እዚያው ቀሩ። የቀረውን አልናገርም። የወደቁበት ቦታ ላይ ዛሬ የድንጋይ ክምር አለ፤ በዚያ ያለፈ ሁሉ አንድ ድንጋይ ይጨምርበታል። ንብረት ከኋላ ስለነበር ተረፈ፤ ግራ ጆሮው ግን ከዚያ ወዲህ አይሰማም። ሲመቸው በቀኙ ይሰማኛል፣ ጭቅጭቄ ሲበዛበት ግራውን ይሰጠኛል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቃሬዛ ከማንሣቱ በፊት ቀና ብሎ ሰማዩን ሳያይ "እናንሣ" አይልም።

ሰማይ ላይ የቆመው ነገር የታየው ከጥምቀት በኋላ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ቀን ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ፣ በጣም ከፍ ብላ፣ ትክክል ከራሳችን በላይ። ኮከብ ነው ተባለ። ኮከብ ይሄዳል እንጂ እንደዚህ አይገተርም። በማግሥቱም እዚያው፣ በሠልስቱም እዚያው። ማታ ፀሐይ ለኛ ጠልቃ ምድሩ ደንገዝገዝ ሲል እሷ ብቻዋን ቦግ ትላለች፤ ከዚያ እንደ ከሰል ቀላ ብላ ትጠፋለች። ጠዋት ስንወጣ እዚያው ናት።

ወታደር ቤት የነበረው አስማረ "ድሮን ይዞራል እንጂ አይቆምም፤ ድምፅም አለው" ብሎ ሊያጽናናን ሞከረ። "ይሄ አዲሱ ነዋ" አሉት። ከዚያ ወዲያ እሱም ቤቱ ገባ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኛ ግን እባቡንም አይተነዋል። ቆርቆሮ ቤት ያለው ብልጭታው እንዳይታይ ጭድ አለበሰው። ሴቶቹ ነጭ ነጠላ ለብሶ መውጣት ተዉ። ቄስ ገብረ ኢየሱስ ቅዳሴ ሲያልቅ ሕዝቡ አንድ በአንድ እየተንጠባጠበ እንዲወጣ አዘዙ። የመድኃኔዓለም ማኅበራችን ቀረ፤ ለቅሶ እንኳ እየተራራቁ ተለቀሰ። ከሦስት ሰው በላይ አብሮ እንዳይቆም ያለው ንብረት ነው። "በጎቹንስ ማን ይበትናቸው?" ብዬ አፌዝኩበት። እሱ አልሳቀም። እኔም ብሆን አፌ ነው እንጂ ልቤ ደፍሮ አይደለም፤ ውኃ ልቀዳ ስወጣ ማጅራቴን የሚነካኝ ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር።

ልጃችን ዘመናይ ያን ጊዜ እኛ ዘንድ ነበረች። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። ባሏ ዓለምነህ እርጉዝ ጥሏት እንጀራ ፍለጋ ወደ ጅዳ ተሻግሯል። ምጡ ሌሊቱን ጀምሯት ጠዋቱን ሙሉ ያዛት፤ ረፋድ ላይ ጠነከረ፤ ከዚያ ወዲያ አልገፋ አለ። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያዋለዱት እማማ ወለተሥላሴ እጃቸውን ሆዷ ላይ አድርገው ብዙ ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

"ይሄስ ከኔ በላይ ነው። አንሷት፣ ሳይመሽ" አሉኝ።

ጥሩምባው ተነፋ። ሌላ ጊዜ ጥሩምባ ሲነፋ ደጃችን በሰው ይሞላል። ያን ቀንም ሰዉ አልቀረም፤ መጥቷል፤ ግን አንዱ ከግንቡ ሥር፣ አንዱ ከወይራው ሥር፣ አንዱ ከበረቱ ውስጥ ሆኖ አንገቱን ያሰግጋል። ንብረት ግቢው መሃል ቆሞ ሽቅብ ያያል። የፈተሸውን ጠፍር መልሶ ይፈትሻል።

"በሸንተረሩ ውሰዷት፤ ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ትደርሳለች" አልኩት።

"በወንዙ ነው የምንሄደው።"

የወንዙ መንገድ ገደል ለገደል ነው፤ ከሸንተረሩ እጥፍ ይርቃል፣ ድንጋዩም ልሙጥ ነው። ይህን ለሱ መንገር ለቄስ አቡነ ዘበሰማያት ማስተማር ነው። ነገርኩት ግን። ቀኝ ጆሮውን ይዤ ነው የነገርኩት ማለት ይቻላል።

"ባንቺ፣" አለኝ፣ "እነዚህ ሁሉ ልጆች አሏቸው። በሸንተረሩ ብሄድ እሷንም እነሱንም ሬሳ አድርጌ ነው የምመልሳቸው።" ይህን ያለኝ በኽምጠኛ ነው።

አራት ሰው ብቻ ተሸከማት። የቀሩት ተተኪዎች ከፊትም ከኋላም ድንጋይ ውርወራ ያህል ተራርቀው ተከተሉ፤ ከላይ ሲታዩ ሰብሰብ ያሉ እንዳይመስሉ። መላው የንብረት ነው። ጥሩ መላ መስሎት ነበር። ግን "ተካ" ባለ ቁጥር ተተኪው ከሩቅ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለ እስኪመጣ ቃሬዛው መሬት ላይ ይቀመጣል። ያ መቼም የማይቆም ቃሬዛ፣ በሽተኛው ሰው መለወጡን የማያውቅበት ቃሬዛ፣ በየመቶ እርምጃው ይቆም ጀመር።

"እማ፣ ለምን ቆምን?" ትለኛለች ዘመናይ።

"ሊያርፉ ነው ልጄ። ማርያም ትቅረብሽ" እላታለሁ። ከሁለቱ ገደል መሃል ቀና ስል ነጥቧ እዚያው ናት፤ የትም ብንገባ ከላያችን አልተላቀቀችም።

ከወንዙ ሲወጣ ሰፊ ሜዳ አለ። ከሜዳው ማዶ ጤና ጣቢያው ይታያል። እዚያ ስንደርስ ፀሐይ ጠልቃ ነበር። ነጥቧ እንደ ፋኖስ በርታለች። ሰዎቹ የመጨረሻዎቹ ወይራዎች ሥር ሲደርሱ ቃሬዛውን አስቀመጡና ቁጢጥ አሉ።

"ጋሼ ንብረት፣" አለው ጌታሰው የሚባለው ጎረቤታችን፣ ከሁሉ ጉልበተኛው እሱ ነው፣ "ዐይኑ እስኪጨፈን እንጠብቅ። ትናንትም እኮ ምድሩ ጨለም ሲል ጠፍቷል። ጥቂት ነው።"

ንብረት ከቃሬዛው እግር ሥር ተቀመጠ። ሁሉም ሽቅብ እያዩ ተቀመጡ። እኔ ወደ ማዶ አየሁ። የጤና ጣቢያው መብራት በርቷል። ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ባልዲ ይዛ ስትገባ አየኋት። ይህን ያህል ቅርብ ነበርን። ዘመናይ ስታቃስት ቆይታ ዝም አለች፤ ያ ዝምታዋ ከሰማዩ ነገር ይልቅ አስፈራኝ። ፈራሁ፤ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ እነዚህን ሁሉ ወንዶችም ባሌንም ጠላኋቸው።

ተነሣሁ። አገልድሜው የነበረውን ነጠላ ፈትቼ ዘረጋሁት፤ ነጭ ነው፤ ለጥምቀት የገዛሁት። ተከናንቤው ሜዳው መሃል ድረስ ሄድኩ። ቆምኩና ቀና ብዬ አየሁት። እስኪመታኝ ጠበቅሁ። ስለ ነፍሴ ምንም ጸሎት አልመጣልኝም፤ የመጣልኝ ቤት ከድኜ ያልወጣሁት ሊጥ ብቻ ነው። ምንም አልሆነም። ጅብ እንኳ አልጮኸም።

"ይኸው ቆሜያለሁ፤ የሚመታ ከሆነ እኔን ይምታ። ልጄን አምጡልኝ" አልኳቸው።

ከወይራው ጥላ መጀመሪያ የወጣው ንብረት ነው። ብቻውን የፊቱን አጣና አንሥቶ የኋላው እየተጎተተ መጣ። ጌታሰው ሮጦ የኋላውን ያዘ። ከዚያ የቀሩት መጡ።

ወንድ ልጅ ነበር። ድምፅ አላሰማም። አዋላጇ ደጋግማ ሞከረች፣ እግሩን ይዛ፣ ጀርባውን እያሸች፤ አላሰማም። ልጄን ግን አተረፈችልኝ፤ እጇ ይባረክ። በኋላ ወደ ውጭ ወጥታ "በየት በኩል ነው የመጣችሁት?" አለችን። ንብረት "በወንዙ" አላት። እጇን ልትታጠብ ገባች።

አራስ ቤት ሲገባ እንኳን ማርያም ማረችሽ ይባላል። ማርያም ምራታለች፤ ልጁ ግን የለም። ሰው ሁሉ በር ላይ እየደረሰ አፉ ተያዘ። ቃሉን ያሉት እማማ ወለተሥላሴ ብቻ ናቸው። ዘመናይ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ነጥቧ ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ጠዋት ጠፋች። ንብረት በዚያ ሰሞን ለራሱ ሲናገር እሰማው ነበር፤ ሞፈር እየጠረበ፣ በጎቹን እያስገባ። "ሰዎቹን ግን መልሻለሁ። ሁሉም ቤታቸው ገብተዋል" ይላል። በዚህች ነው የሚጽናናው። የልጅ ልጁን ሰጥቶ የሰው ልጆች አተረፈ፤ እንዲህ ነው ያሰበው። እኔ በዚያች ቃል ላይ አፌን አላነሣሁም። ያለዚያች ቃል ምን ይቀረው ነበር?

የገበያ ቀን ነበር ከሰቆጣ የአየር ጠባይ ጣቢያ ምህረት የምትባል ወጣት የመጣችው። ከሰማይ የወደቀ ሣጥን ያየ እንዳለ ትጠይቃለች። ወደ አበርገሌ ቆላ፣ በተከዜ በኩል ሳይወድቅ አይቀርም አለች፤ ምናልባት ስባሪው እኛ ዘንድ ቀርቶ እንደሆነ ብላ ነው። ምን ሣጥን ነው ሲሏት ነገሩን ዘርዝራ አስረዳች። ትሑት ልጅ ናት፤ ስትናገር አትጣደፍም።

"ፊኛ ነው" አለች። "ከደመናው በላይ፣ ዝናብ ከሚመጣበት በላይ ሌላ ነፋስ አለ። የምድርን ወገብ እየዞረ ይነፍሳል። አንድ ዓመት ያህል ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፣ ከዚያ ተገልብጦ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። መገልበጡ ከላይ ይጀምርና ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ሰው ከለካው ጊዜ ጀምሮ ተራውን ጠብቆ ነው የኖረው። በቅርብ ዓመታት ግን ሁለት ጊዜ ተራውን አፍርሷል። ዘንድሮም መገልበጡ ባልታሰበ ጊዜ መጣ። ፊኛው በነፋሱ ተወስዶ ባሕሩን መሻገር ነበረበት። እናንተ ላይ ሲደርስ ሁለቱ ነፋሶች ከሚገናኙበት ገባ። አንዱ ከበላዩ ወዲያ ይሄዳል፣ አንዱ ከበታቹ ወዲህ ይመጣል፤ መሃሉ ላይ የሚወስደው ነፋስ የለም። ስለዚህ ቆመ።"

"ለምንድን ነው ተራው የፈረሰው?" አሏት ቄስ ገብረ ኢየሱስ።

"ገና እየተጠና ነው፣ አባ። የምድር መሞቅ ነው የሚሉ አሉ፤ እርግጡን ያወቀ የለም። ፊኛ የሚላከውም ለዚሁ ነው። ወደፊትም ይላካል።"

ንብረት ሰዉን እየገፋ ወደ ፊት ቀረበ፤ ደህናውን ጆሮውን ሰጣት።

"ዐይን አለው?" አላት።

"የለውም፣ አባቴ። ነፋሱንና ብርዱን ብቻ ነው የሚለካው።"

"እኛን አላየንም?"

"አላየዎትም።"

እሷ የምትነግረው ነገር የሚያስደስተው መስሏት ፈገግ ብላ ነበር። ምን ታድርግ፣ አታውቅም። እኔ ግን ፊቱን እያየሁ ነበር። ያቺ የሚጽናናባት ቃል ከፊቱ ላይ ስትወጣ አየሁ። ማንም ሊገድላቸው ያልመጣባቸውን ሰዎች ነው ያዳነው፤ የልጅ ልጁን የሰጠው ለባዶ ከረጢት ነው።

እሱም "ልጄ፣ እንግዲህ ሰማይ ላይ የቆመ ነገር ባየን ቁጥር ነፋስ ነው ብለን እንውጣ?" አላት።

ምህረት "እሱን እኔ ልልዎት አልችልም፣ አባቴ" አለችው። አከበርኳት። ብትዋሸን እንዴት ደስ ባለን ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ከፊቴ ሄደ። አንድ ጊዜ ብቻ ቆመና "ከማን ነው ያዳንኳቸው?" አለኝ።

የቃሬዛ ዳኝነቱን ልተው አላቸው ለሰፈሩ ሰዎች። አልተቀበሉትም። እሱም "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ብሎ ተቀመጠ፤ ድሮ ይህን ሲል ይስቅ ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ እንደ ጠራ፣ ገብሱ ሲያሽት፣ ነጥቧ መጣች። ያችው ቦታ ነው ማለት ይቻላል። ጭዱ እንደገና ወደ ቆርቆሮው ወጣ። የምህረትን ነገር ሁሉም ሰምቷል፤ ግን ይቺኛዋ የትኛዋ ናት፣ ፊኛ ወይስ ያ ገዳዩ? ያንን የሚያውቅ የለም። በዚህ መሃል የጎረቤታችን የምንዋጋው ሚስት ብርሃን ምጥ ያዛትና አልገፋ አላት። ጥሩምባው ተነፋ። እንደዚያኛው ቀን ሰዎቹ ከየግንቡ ሥር አንገታቸውን አሰገጉ። ምንዋጋው ከአንዱ ወደ አንዱ ይሮጣል።

ንብረት ቃሬዛውን ከቤታችን አምጥቶ የምንዋጋው ግቢ መሃል አስቀመጠና ቀና አለ። ብዙ አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ባንቺ፣ ድምፅ አለው?" አለኝ በኽምጠኛ።

አዳመጥኩ። ነፋሱ ገብሱን ያንሿሿዋል፤ ብርሃን ከውስጥ ታቃስታለች፤ ከሰማይ ድምፅ ይኑር አይኑር የምለይበት ጆሮ አልነበረኝም።

"የለውም" አልኩት።

"በሸንተረሩ ነው" አለ ለሰዎቹ። "ሁላችሁም ቅረቡ። ተጠጉ። እናንሣ።"

እሱ ከፊት በቀኝ በኩል ገባ፤ የየሻምበል ቦታ ነው። እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ ከፊታቸው ሄድኩ፤ የሚመጣ ነገር ካለ አስቀድሞ እኔን እንዲያገኝ። ከድንጋዩ ክምር ስንደርስ ድንጋይ ሊጥል የቆመ አልነበረም። "ተካ" ይላል ንብረት፤ ይተካሉ፤ ቃሬዛው አንድ ጊዜም አልቆመም። ማንም ቀና አላለም። ቀና ማለት የሚጠራው ይመስል ነበር።

ስንደርስ ፀሐይ ገና አልዘቀዘቀችም። ብርሃንን ከኋላችን ከተከተሉት ከእማማ ወለተሥላሴ ጋር አስገቧትና በሩን ዘጉብን። ሰዎቹ ተሰባስበው መቀመጥ አቅቷቸው ግቢው ውስጥ ተበታተኑ። ንብረት ብቻውን የማዋለጃ ክፍሉን ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ያቺ አዋላጅ ስትገባ አየችው፤ አወቀችው።

ከዚያ ሕፃን አለቀሰ።

ንብረት ዞሮ ደህናውን ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ዐይኑን ጨፍኖ፣ ሁለት እጁን ግድግዳው ላይ ዘርግቶ፣ ልጁ እስኪደክመውና ዝም እስኪል ድረስ አልተላቀቀም። ውስጥ እማማ ወለተሥላሴ እንኳን ማርያም ማረችሽ ሲሉ ሰማሁ። ምንዋጋው መሬት ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል።

ንብረት ከግድግዳው ተነሣ። ጉንጩ ላይ ኖራ ተለጥፎበታል። ወደ እኔ መጥቶ ጎንበስ አለና፣ ሌላው እንዳይሰማው በኽምጠኛ ጠየቀኝ።

"አሁንስ? ድምፅ አለው?"

ስለ ሰማዩ ነው። መመለሻችንም በዚያው በሸንተረሩ ነው።